«ስክሪኑ ሞቷል» ከመባሉ በፊት

በከተማችን የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ማሽኑ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ድምፅ አልወጣ አለ? ፎርማት። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ታየ? እሱም ፎርማት! ፎርማት ያልፈወሰው ሲገኝ ደግሞ «ፓርቱ ይቀየር» ይከተላል። ከሁለቱም በፊት መምጣት የነበረበት ሦስተኛ ነገር አለ፤ መጠየቅ። ምን ያደርጋል፣ ለጥያቄ ደረሰኝ አይቆረጥም!

ዛሬ የማወራችሁ ትንሽ ስለምትመስል ጉዳይ ነው። ሊኑክስ የተጫነበት፣ ስክሪኑ በጣት የሚነካ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አላችሁ እንበል። ጣታችሁን አንድ ቦታ ታሳርፋላችሁ፣ ቀስቷ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። «አስቀምጥ» የሚለውን ስትነኩ «ዝጋ» የሚለው ይታዘዝላችኋል። ጣትና ቀስት እንዲገናኙ ማስተካከሉን ባለሙያዎቹ ካሊብሬሽን ይሉታል። «ታዲያ ይሄ አስተያየት የሚጻፍበት ርዕስ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነው እላለሁ። እዚህች ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች ተሸጉጠዋል፤ አንዱ የኪሳችን ነው፣ ሌላው በገዛ ዕቃችን ላይ አዛዡ ማነው የሚለው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ቦታ የሚስት ቶችስክሪን አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ከሲስተሙ ጋር በቁጥር አልተስማማም፣ በቃ። በክፍት ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ያ ቁጥር ከባለቤቱ አልተደበቀም። ስለዚህ ሳይለኩ «ሞቷል» ማለት የሙያ ስንፍና ነው። ሳይጠይቁ መክፈልም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሚዛኑና መርፌው

ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት ሚዛን አላት እንበል። ምንም ሳይጫንበት መርፌው ሩብ ኪሎ ላይ ይቆማል። ይሄ ሚዛን ተበላሽቷል? አልተበላሸም። ሁልጊዜ ሩብ የሚጨምር ከሆነ ሁልጊዜ ሩብ ትቀንሳለች፤ ወይም ከጎኑ ያለችውን ብሎን አዙራ መርፌውን ዜሮ ላይ ታቆማለች። መርፌው አንዴ ሩብ፣ አንዴ ግማሽ፣ አንዴ አንድ ኪሎ እያለ የሚዘል ከሆነ ግን ውስጡ ያለው ሽቦ አልቆለታል።

የቶችስክሪን የመጀመሪያ ጥያቄም ይሄው ነው። ስህተቱ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው ወይስ ይለዋወጣል? ሁሌ አንድ ዓይነት የሆነ ስህተት ይለካል፤ የሚለካ ስህተት ደግሞ ይታረማል። አሁን እዚህ፣ ቆይቶ እዚያ የሚል ስህተት ግን የካሊብሬሽን ጉዳይ አይደለም። የላላ ኬብል፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ወይም ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ጥሩ ያልሆነ ፓወር አቅራቢ ሊሆን ይችላል። በተለይ የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ካልሆነ ቀስቷ ማንም ሳይነካት ትዘላለች። ያን ጊዜ ስክሪን ከመቀየር በፊት ሶኬት መቀየር ይቀድማል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። የምናየው ስክሪንና የምንነካው ስክሪን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ሥዕሉን የሚያሳየው አንዱ ነው፤ ጣታችንን የሚሰማው በላዩ የተደረበው ሌላው ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። የሚሰማው «ጣት እዚህ አርፏል» ብሎ በራሱ ልኬት ቁጥር ይልካል፤ ያን ቁጥር ወደ ሥዕሉ ቦታ የሚተረጉመው መሃል ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው። አስተርጓሚው ሲሳሳት ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ሳለ አንዱ ሞቷል ይባላል።

ዘጠኝ ቁጥሮች

ሊኑክስ ላይ ይህ አስተርጓሚ የሚሠራው በዘጠኝ ቁጥሮች ነው፤ በሦስት መስመር ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ሳይነኩ ሲቀሩ እንዲህ ናቸው፤ 1 0 0፣ 0 1 0፣ 0 0 1። ትርጉማቸው «የሰማኸውን እንዳለ አስተላልፍ» ነው። የመጀመሪያው መስመር የግራና የቀኙን፣ ሁለተኛው የላይና የታቹን ጉዳይ ይይዛል። ሦስተኛው ሁሌም እንዳለ ይቀመጣል።

ሒሳብ ሲባል የምትሸሹ አትሽሹ፤ እኔም ጋዜጠኝነት የተማርኩት ከሒሳብ ልሸሽ ነው ብል ማንም አይደነቅም። ነገሩ ግን የስምንተኛ ክፍል ማባዛትና መደመር ነው። ከግራው ጠርዝ የስክሪኑን ወርድ 10 በመቶ ገብታችሁ ስትነኩ ቀስቷ 15 በመቶ ላይ አረፈች እንበል። 90 በመቶው ላይ ስትነኩ ደግሞ 85 ላይ አረፈች። ሲስተሙ የሰማውን በ1.143 አባዝቶ 0.071 ቢቀንስ ሁለቱም ቦታቸውን ያገኛሉ። እናም የመጀመሪያው መስመር 1.143 0 -0.071 ይሆናል። አለቀ። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ከሆነባችሁ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር -1 0 1 ይባላል። ወደ ላይ ስትሉ ወደ ጎን የሚሄድባችሁ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ቦታ ይለዋወጣሉ።

ታዲያ የትኛው ችግር እንዳለባችሁ በምን ታውቃላችሁ? በአምስት ንክኪ። አራቱን ማዕዘንና መሃሉን እየነካችሁ ቀስቷ የት እንዳረፈች ወረቀት ላይ ጻፉ። በአምስቱም ቦታ እኩል ርቀት ከሳተች ብትን ብላ ሳይሆን ተሰብስባ ወደ አንድ ወገን ተንሸራታለች ማለት ነው። መሃሉ ልክ ሆኖ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ከሳተች ልኬቱ ጠቧል ወይም ሰፍቷል። ከተገለበጠች ተገልብጧል፤ ከዞረች ዞሯል። አምስቱን ንክኪ ሁለት ጊዜ ስትደግሙት ሁለት የተለያየ መልስ ከሰጠቻችሁ ግን ቁጥር መነካካቱን ተዉትና ወደ ኬብሉና ወደ ሶኬቱ ሂዱ።

ስክሪኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅም ይረዳል። የድሮዎቹ በግፊት የሚሠሩ ናቸው። ሁለት ስስ ንብርብሮች ሲጫኗቸው ይነካካሉ፤ ስለዚህ በጥፍርም በብዕር ክዳንም ይታዘዛሉ። እነዚህ በዕድሜና በሙቀት እየተንሸራተቱ ስለሚሄዱ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋሉ። የአሁኖቹ፣ እንደ ስልካችን ያሉት፣ የጣታችንን ኤሌክትሪክ የሚያነቡ ናቸው፤ የፕላስቲክ ክዳን አይሰማቸውም። (ይሄኛው ዘዴ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ኢ.ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።) የእነዚህ መስመር መስታወቱ ላይ እንደተሠራ ስለሚቀር በቀላሉ አይንሸራተትም። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ስክሪን ትናንት ልክ ሆኖ ዛሬ ከሳተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌላ ነው። ስክሪኑን አዙራችሁታል? ሁለተኛ ሞኒተር ጨምራችኋል? ሲስተሙን አሳድጋችኋል?

«ብነግርሽም አይገባሽም»

የአክስቴ ልጅ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የምትሠራበት ማሽን ኮምፒውተሩ ከስክሪኑ ጋር የተጣበቀ፣ ያገለገለ ቶችስክሪን ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም) ሲያበቃ ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 አይመጥንም ስለተባለ ሊኑክስ ሚንት ተጫነበት። ጥሩ ሲሠራ ቆየ። ከዚያ ደንበኛ የሰርግ ካርዱንና ሲቪውን ሳይታተም አይቶ ፊደል እንዲያርም ብላ ሁለተኛ ሞኒተር ገዛችና በስተቀኝ በኩል ወደ ደንበኛው አዙራ አስቀመጠች። ቶቹ በዚያው ቀን ተሳከረ።

ባለሙያ ተጠራ። አምስት ደቂቃ ነካካውና ፍርዱን ሰጠ፤ «ስክሪኑ ሞቷል፤ ሊኑክስ ደግሞ ቶች አይችልም።» ለስክሪን የጠየቀው ብር ማሽኑ ከተገዛበት ግማሹን ይጠጋ ነበር። ምን ሆኖ እንደሞተ ስትጠይቀው የመለሰላትን ግን እስከዛሬ አልረሳችውም፤ «እህቴ፣ ብነግርሽም አይገባሽም።»

እሑድ ቀን ሄጄ አምስቱን ንክኪ አብረን ነካን። የግራው ጠርዝ ልክ ነው። መሃሉን ስትነካ ቀስቷ ሁለቱ ሞኒተሮች የሚዋሰኑበት ላይ ታርፋለች። የቀኙን ጠርዝ ስትነካ ቀስቷ ደንበኛው ፊት ባለው ሞኒተር ቀኝ ጠርዝ ላይ ትገኛለች! ወረቀቱ ላይ ስንጽፈው ነገሩ ራሱ ተናገረ። ሁሉም ነገር በሁለት እየተባዛ ነው። ሲስተሙ ሁለቱን ሞኒተሮች እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን ቆጥሮ የጣቷን ልኬት በሁለቱ ላይ ዘርግቶታል። ስክሪኑ ሕያው ነው፤ የተሰጠው ርስት ግን ከሚገባው እጥፍ ሆኗል።

ማስተካከያው ኤክስ-ኢንፑት በምትባል ትንሽ ፕሮግራም አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ «ይህ ቶች የዚህኛው ሞኒተር ብቻ ነው።» ፕሮግራሟ ሒሳቡን ራሷ ሠርታ እኩል ስፋት ላላቸው ለእነዚህ ሁለት ሞኒተሮች የመጀመሪያውን መስመር 0.5 0 0 አደረገችው። በሁለት የተባዛው በሁለት ተካፈለ። ማሽኑን ማጥፋትና ማብራት እንኳ አላስፈለገም። ትእዛዙ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለሚረሳ ሲነሣ አብረው ከሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባነው። ወጪ? የአንድ እሑድ ከሰዓትና ሁለት ማኪያቶ።

ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው ለአክስቴ ልጅ የማይገባው? በሁለት ማካፈሉ? በየቀኑ የፎቶ ኮፒ ዋጋ በቃሏ እያባዛች የምትውል ሴት እኮ ናት! አለመግባቱ አልነበረም፤ የሚነግራት አልነበረም። ሴት ደንበኛ ሲያዩ ማብራሪያውን የሚውጡ ባለሙያዎችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የዋጡትን ማብራሪያ ደግሞ በብር እንከፍላለን።

ባለሙያውንም እንስማው

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። እሱ የሚኖረው ከሚቀይረው ዕቃ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ቆሞ ቢጠይቅ፣ ቢለካ፣ በመጨረሻም «ምንም አልሆነም፣ አንድ ቁጥር ነው» ቢል ስንቶቻችን ኪሳችን እንገባለን? «ምን ሠራህና?» ነው የምንለው። ክሊኒክ ስንሄድ ግን ሐኪሙ ገና ሳያየን ካርድ እናወጣለን። ምርመራ ሥራ እንደሆነ እዚያ ገብቶናል። ለኮምፒውተርም ካርድ ይኑር እላለሁ። ባለሙያው ለምርመራው ግልጽ ዋጋ ይለጥፍ፤ እኛም ያለማጉረምረም እንክፈል፤ እሱም በአጸፋው ምን እንዳገኘ በጽሑፍ ይስጠን። ያን ጊዜ «ሞቷል» የሚለው ቃል ምክንያት ይጠየቅበታል። ያለዚያ ተረቱ እንደሚለው አህያውን ፈርተን ዳውላውን ስንደበድብ እንኖራለን። የሚያስፈራው አህያ ምርመራው ነው፤ የሚደበደበው ዳውላ ደግሞ ስክሪኑ።

ክፍት በር፣ ጨለማ ቤት

አሁን ደግሞ ወደ ወገኖቼ፣ ወደ ሊኑክስ አፍቃሪዎቹ ልዙር። ከእነሱ ጋር ቡና ስትጠጡ ዓለም ሁሉ ነፃ ወጥቷል። «ክፍት ነው እኮ! ሁሉንም ማየት ትችያለሽ!» እውነት ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ቤቱ ግን ጨለማ ነው።

ለምሳሌ ይሄንኑ ካሊብሬሽን ውሰዱ። ድሮ ኤክስ-ኢንፑት ካሊብሬተር የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ዛሬም አለ። አራት ነጥቦችን ያስነካችሁና አራት ቁጥሮች ይሰጣችኋል። እነዚያ ቁጥሮች የተሠሩት ኢቭ-ዴቭ ለሚባለው የቀድሞ ድራይቨር ነበር። ከዚያ ሊብ-ኢንፑት መጣና ቦታውን ወሰደ፤ ፌዶራ 22 ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ገባ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ሊብ-ኢንፑት የሚሰማው ከላይ ያየናቸውን የመስመር ቁጥሮች ነው፤ የድሮዎቹን አራት ቁጥሮች ብትሰጡት ዞር ብሎም አያያችሁ። ይሄ ሳያንስ ደግሞ ዌይላንድ መጣ። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በ17.10 ሞከረው፣ ተመለሰ፣ በ2021 እንደገና ዋና አደረገው፤ በ2025 በወጣው 25.10 ላይ ደግሞ ዋናው ዴስክቶፕ የድሮውን ኤክስ ጭራሽ ተወው። ዌይላንድ ላይ ያቺ የአክስቴን ልጅ ያዳነች ትእዛዝ አትሠራም። እዚያ ቁጥሮቹ የሚጻፉት ዩ-ዴቭ በሚባለው የሲስተሙ ክፍል ደንብ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ስለማይለወጥ ዘጠኙ ስድስት ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ ማን ነገራችሁ? ማንም። አንዱ መመሪያ ስለ አንዱ ዘመን፣ ሌላው ስለ ሌላው ዘመን ያወራል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዘመኑ ከተሳሳተ ምንም አይሠራም፤ ያን ጊዜ ሰው «ሊኑክስ ቶች አይችልም» ቢል ምን ይፈረድበታል? ስለዚህ ከአምስቱ ንክኪ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ «ያለሁት በኤክስ ላይ ነው በዌይላንድ?» መሆን አለበት። ሚንት ሲናሞን እንደመጣ የሚነሣው በኤክስ ነው፤ አዲሱ ኡቡንቱ በዌይላንድ ነው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ዊንዶውስ ለዚህ ቁልፍ አለው። የታብሌት ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ «ይሄ ቶች የየትኛው ስክሪን ነው?» የሚለውን መጫን ነው። ዊንዶውስ ቁልፍ ሰጠን፣ ሊኑክስ ቁጥር ሰጠን። ቁልፍ ለሁሉም ሰው ይቀላል፤ ሳይሠራ ሲቀር ግን ከቁልፉ ጀርባ የምታዩት ነገር የለም። ቁጥር ይከብዳል፤ ነገር ግን ከጀርባው ሌላ የተቆለፈ በር የለም። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ሁለቱም እስኪገኙ ድረስ ግን ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው መንገር ግዴታው ነው። የነፃነቱ ዋጋ እሱ ነው። ለብቻ የተያዘ ነፃነት ከተዘጋ ሶፍትዌር በምን ይለያል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የጋዜጠኝነት ትምህርት አንድ ነገር ካስተማረኝ ስድስት ጥያቄዎችን ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ለቶችስክሪንም ይሠራሉ። ምን ሆነ? መቼ ጀመረ? በዚያ ቀን ምን ተጨመረ፣ ምን ተቀየረ? የት ስትነኩ የት ያርፋል? እነዚህን ጽፋችሁ ይዛችሁ ባለሙያ ፊት ቅረቡ። ባለሙያው ጎበዝ ከሆነ ግማሽ ሥራውን ሠርታችሁለታልና ይወዳችኋል። ካልሆነም ወረቀት የያዘ ደንበኛን «አይገባሽም» ማለት ይከብደዋል።

ሊኑክስ ለምታውቁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ዊንዶውስ ለምን እንደማይረባ በመከራከር አታቃጥሉት። አምስቱን ንክኪ፣ ዘጠኙን ቁጥሮች፣ የኤክስንና የዌይላንድን ልዩነት በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፉትና አትማችሁ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በየጥገና ቤቱ አከፋፍሉት። የቴክኒክና ሙያ መምህራንም ብትሆኑ የአንድ ቀን ትምህርት ነው፤ ተማሪው ስክሪን ከመፍታቱ በፊት ስህተትን መለካት ይማር።

ለዛሬ የምለው ይሄንኑ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው የእናንተን ዕቃ «ሞቷል» ሲላችሁ ደንግጣችሁ ቦርሳችሁን አትክፈቱ። ሁለት ቃል ብቻ ጠይቁት፤ «በስንት ሳተ?»

ቸር እንሰንብት።